የክርስትና ስምና የቆጣሪ ቁጥር

ቭላርዲንገን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ፈቃደ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ እንደ ሰማይ ኮከብ ይብዛልዎ እንዳልል እዚህ ኮከብ ከታየ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እንደ ሮተርዳም ዝናብ ይብዛልዎ ብል ግን አላጋነንኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ ክብር ለስሙ ይሁን ደህና ነን። ሊድያ ልጄ ሄግ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ እኔም እንደ ወትሮዬ በአረጋውያን መጦሪያው ሽማግሌዎቼን ሳጥብና ሳጎርስ እውላለሁ።

የጠየቁኝን አምፖል በመሳይ እጅ ልኬያለሁ። መሳይ አብሮን የሚያስቀድስ ልጅ ነው፤ እናቱን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አምፖሉ ባለ ዘጠኝ ዋት ነው፤ አነሰ ብለው አይናቁት፣ የድሮውን ባለ ስልሳ ያህል ያበራል።

ስለ መብራት ካነሳሁ አንድ ጉድ ልንገርዎት። ደብራችን ቅዱስ ኡራኤል የራሱ ሕንፃ እንደሌለው ያውቃሉ። መጀመሪያ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ነበር የምናስቀድሰው። ከዚያ መጋዘን ገባን፣ ከዚያ ምድር ቤት። ዘጠኝ ዓመት ሆነን፣ የደች ፕሮቴስታንቶች ሕንፃቸውን አካፍለውን እንደ ሰው ቀና ብለን መጸለይ ከጀመርን። አሁን ግን እነሱ ራሳቸው አልቀው አሥራ ስምንት ሽበታሞች ብቻ ቀርተዋል፣ ሕንፃውን ማሞቅ አቅቷቸዋል። በየካቲት ተሰብስበው ሊሸጡት አስበዋል። ከተሸጠ ታቦታችንን ተሸክመን ለአራተኛ ጊዜ ልንሰደድ ነው።

ከመካከላቸው አንዲት ሜቭራው ሃኔከ የሚሏት ወይዘሮ ሐሳብ አመጣች። እዚህ አገር ሰው መብራቱን ከፈለገው ኩባንያ ነው የሚገዛው። አብያተ ክርስቲያናትና የምእመናን ቤቶች በአንድ ሆነው ቢገዙ፣ ያውም አረንጓዴ የሚሉትን፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚመጣውን፣ ዋጋው ይወርዳል፤ ሻጩም በሕንፃው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ይተክላል። ሕንፃው ራሱን ከቻለ ደግሞ ሽያጩ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው አይደል? ከእኛ በኩል የሚፈለገው ስልሳ ቤት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ጥር 23፣ የኡራኤል ማግስት። ጉባኤው ላይ ማን ያስተባብር ሲባል አፌ ቀደመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ይኸው አስተባባሪ ሆኜልዎታለሁ።

የዚያን ዕለት ቤቴ ስገባ ማንን እንዳስታወስኩ ልንገርዎት? እርስዎን። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ በየሰፈሩ ቆጣሪ ሲያነቡ ይዘውኝ ይዞሩ ነበር። እርስዎ አንገትዎን አስግገው ቁጥሩን ይጠሩልኛል፣ እኔ በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፤ ጃንጥላው ግን ከእኔ ይልቅ ለመዝገቡ ነበር። ግማሽ ጎኔ ረጥቦ ቤት ስገባ እማዬ ትቆጣዎት ነበር። ያ ጊዜ እንዴት እንደሚናፍቀኝ አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ፀዳለ

*

ደሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳለ፣

አሳድጎ ያላሳፈረኝ አምላክ አንቺንም ልጅሽንም ከክፉ ይሰውር። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መሳይ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጥቶ ነው የሄደው። ምነው ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርዎት ያልሽ እንደሆን፣ የስልክ ወሬ ሲዘጋ ይጠፋል። ወረቀት ግን ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

መብራት አረንጓዴ ሆነ ማለትሽ አስቆኛል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ ሳነብ ቀለሙን የጠየቀኝ ደንበኛ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ለምን በዛ እያለ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት። የእኛ መብራት ከውኃ ነው የሚመጣው፤ ለካ ሳናውቀው አረንጓዴ ሆነን ነው የኖርን። ሲኖር ማለቴ ነው።

ጃንጥላውን ማንሳትሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ እናትሽ የተቆጣችኝን ቁጣ ግን አሳንሰሽዋል። ለአንድ ወር አኩርፋኝ ነበር። መዝገቡ ከረጠበ ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ይበላሻል፣ ልጅ ግን እሳት ዳር ቢቀመጥ ይደርቃል ብዬ ብነግራት ባሰባት። ነፍሷን ይማር።

ያሰብሽው ሥራ ትልቅ ነው። ታቦት ይዞ መንከራተት ይብቃችሁ። በርቺ፣ ሰውን ግን አታጣድፊ።

አምፖሉ መልካም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትንሽ ደከም አለብኝ እንጂ። ዘንድሮ የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ እየገባ ያስቸግራል። ጠንከር ያለ አምፖል ከተገኘና መንገደኛ ካለ አትርሺኝ። ሌላ የሚያስፈልገኝ የለም።

ፈቃደ፣ ጡረተኛ ቆጣሪ አንባቢ

*

ቭላርዲንገን፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እግዚአብሔር ጉሙን ከቤትዎ ያርቅልዎ። ቸኩያለሁና ሰላምታዬን አሳጥሬ ልጻፍልዎት፤ መንገደኛዋ ነገ ትበራለች። ባለ አሥራ አምስት ዋት አምፖል ልኬያለሁ፤ ይህ ካላበራ እንግዲህ ከፀሐይ ሌላ አልቀረኝም።

ሰባ አንድ ቤት ጋሼ! ስልሳ ለምኜ ሰባ አንድ ተሰጠኝ። ሰንጠረዡን ጧፍ በሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከላይ የራሴን ስም ጻፍኩና ዞር አልኩ። በሁለት እሑድ ሞላ። አምስተርዳም አጠገብ ዲመን የገቡት እነ ማንደፍሮ እንኳ መጥተው ፈርመዋል። ሊድያ የአድራሻ ዓምድ የለውም ብላ ነቀፈችኝ፤ ሃያ ዓመት አብሬያቸው የጸለይኩ ሰዎች ቤታቸው ይጠፋኛል ወይ ብዬ አፏን አስያዝኳት። ሜቭራው ሃኔከ ዝርዝሩን ለሻጩ አስተላልፋለች።

የሊድያን ፎቶ አብሬ ልኬልዎታለሁ። በነጭ ቀሚሷ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆማ ነው። ከታች በራሷ እጅ ጽፋለች፤ "አንተ" ስላለችዎት ይቅር ይበሏት፣ ፍቅሯ ነው፤ የእኛን እርስዎታ እዚህ የሚያስተምራት አላገኘችም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፊደልዎ ለምን እንዲህ ተለቀ? "ፈቃደ" የሚለው ብቻውን ሁለት መስመር ይዟል።

ልጅዎ ፀዳለ

*

ደሴ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀዳለ፣

ለሰባ አንዱ ቤት ስሙ ይክበር ይመስገን። ልደትን በደስታ ያውላችሁ።

ፊደሌ የተለቀው ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ጡረተኛ ደግሞ ወረቀት አይቆጥብም፤ የሚቆጣጠረው አለቃ የለው።

ፎቶው ደርሶኛል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ግሩም ነው፣ ሰፊ ነው። የጥንት ሰው ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል።

አዲሱን አምፖል ሰቅያለሁ። እንዲያው አትዘኚብኝ፣ የፈረንጅ ዕቃ ድሮ ቀረ መሰለኝ። ወይም መብራቱ ራሱ ጉልበት አንሶታል። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ካለ እሱ ይሻል ይሆናል፤ ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርጌ እንዳነብበት። መዝሙረ ዳዊቴን ሳልደግም ከዋልኩ ቀኑ አይመሽልኝም። ከተቸገርሽ ግን ይቅር።

አሁን ወደ ማታ ማታ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ። ዓይኔን ጨፍኜ የድሮ መንገዴን እሄዳለሁ። ከአራዳ እነሳለሁ፣ ሸዋ በር እደርሳለሁ፣ በሆጤ እመለሳለሁ። የእያንዳንዱን ቤት ቆጣሪ የት እንደተሰቀለ አውቀዋለሁ። የአቶ ዓቢይ ከዶሮ ቆጡ በላይ ነበር። አንዲት ዶሮ መዝገቡ ላይ ያደረገችውን ታስታውሻለሽ? አንቺ ስትስቂ ቁጥሩን አሳሳትሽኝ።

ፈቃደ

*

ቭላርዲንገን፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

የጌታ ልደት በረከት ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ በመንገደኛ ለመላክ ጊዜ የለኝም። ፎቶ አንስቼ በጎረቤትዎ በእትዬ ብርነሽ ቴሌግራም ልኬዋለሁ፤ እባክዎ እሳቸው ያንብቡልዎት።

ጋሼ፣ ጉድ ሠርቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ እኔ እንዲያውም ገና አልለቀምኩም።

የሻጩ መልስ የመጣው ልደት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከሰባ አንዱ ስም ውስጥ ከአንድ የመብራት ውል ጋር የሚገጥም አልተገኘም ይላል። ሜቭራው ሃኔከ ዝርዝሩን ዘርግታ፣ ደግ ሰው ናትና ሳትቆጣ፣ "እነዚህ አሥራ አራቱ ሴቶች እህትማማቾች ናቸው?" አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። አሥራ አራት ወለተ ማርያም። ዘጠኝ ገብረ መድኅን። ስድስት ኃይለ ሚካኤል። ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም ጧፍ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀት ሲያይ የጸሎት መሰለውና ሁሉም የክርስትና ስሙን ጻፈ።

በማን ልፍረድ? ከላይ የመጀመሪያው መስመር ላይ በገዛ እጄ "ወለተ ሥላሴ" ብዬ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። እጄ ለምዶት ነው፣ አላሰብኩትም። ሌላው እኔን አይቶ ተከተለ። ሊድያ ወለል ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ኋላ ግን የሳቄን ያህል አለቀስኩ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው የጸለይኩ ብዬ የተመጻደቅሁት ሴትዮ፣ ወለተ ማርያም ማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም። እኔ የማውቀው አበባን፣ እሌኒን፣ ሳሌምን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ተናገርኩ፤ የመዝገብ ስማችሁን እንደገና ጻፉልኝ አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ቤት ብቻ ጻፈ። ሌላው ሸሸኝ። ጋሼ፣ ይህ ሕዝብ የስደተኛ መጠለያ ያየ ነው። በዚያ ዘመን ስሙን ሁለቴ የተጠየቀ ሰው ደግ ነገር አልገጠመውም። አንዱ በጆሮዬ "ኩባንያው ስማችንን ለምን ደጋግሞ ፈለገው?" አለኝ። እኔም ራሴ በዚያ ወረፋ ቆሜያለሁና ፍርሃቱን አውቀዋለሁ።

ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ስልሳው ካልሞላ ሕንፃው ይሸጣል፣ በእኔ ችኮላ። ሰው ፊት መቆም አፍሬያለሁ። ምን ላድርግ?

ልጅዎ ፀዳለ

*

ደሴ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳለ፣

ይህን የሚጽፉልሽ ወ/ሮ ብርነሽ ናቸው። እኔ እየተናገርኩ ነው። ብዕሬ ቀለም ጨርሷል።

አይዞሽ። መጀመሪያ ልንገርሽ፣ እኔም ስቄያለሁ፤ አሥራ አራት ወለተ ማርያም ብዬ ብቻዬን ስስቅ እኚህ ሴት የታመምኩ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ከሳቅሁ በኋላ ግን አሰብኩ።

ሸዋ በር አንድ ቤት ነበር፣ አንቺ አትደርሺበትም። የቤቱ ባለቤት ሞተዋል፣ ውሉ ግን በእሳቸው ስም ነው። የሚኖርበት ወንድማቸው ነው፣ የሚከፍለው ተከራይ ነው፣ ሰፈሩ ደግሞ ቤቱን የሚጠራው በድሮ አሽከራቸው ስም ነው። አዲስ የመጡ አንባቢዎች የማን ቤት ነው እያሉ ሲጠይቁ ሁሉም ይደነግጥና በር ይዘጋባቸዋል። ስም ጠይቀሽ በር ያስከፈትሽው ቤት የለም፤ ሰው ሊከስሱኝ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ ስም ጠይቄ አላውቅም። እንደምን አደራችሁ እልና "ቆጣሪያችሁን አሳዩኝ" እላለሁ። ሰው ቆጣሪውን ሲያሳይሽ ቤቱን አሳየሽ ማለት ነው። ቤቱን ያሳየሽ ሰው ደግሞ ስሙን አይደብቅሽም። ቆጣሪ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አይለወጥም።

ስለዚህ ጧፍ ጠረጴዛውን ተዪውና በየቤቱ ሂጂ። ጃንጥላ ያዢ። ቁጥሩን ራስሽ አንብቢ፣ ሊድያ ትጻፍ። ሻይ ካሉሽ እምቢ አትበይ፤ ቸኩላ መጣች የተባለች አንባቢ ተመልሳ አትገባም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የደሴን ሰው ቁጥር ሳነብ የእኔን የክርስትና ስም የጠየቀኝ የለም። ተክለ ጊዮርጊስ ነው። ብታውቂው ብዬ ነው፣ ለመብራት ውል አይሆንም።

ፈቃደ

ፀዳለ ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለጋሽ ፈቃደ አላነበብኩላቸውም። እኔ አርባ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ የተነገረኝን ብቻ መጻፍ አልችልበትም። ብዕሩ ቀለም አለው። የላክሻቸው አምፖሎችና የፊቱ አሮጌው፣ ሦስቱም በርተዋል። ቤቱ ቀትር ይመስላል። ትናንት ያንቺን ደብዳቤ ስልኬ ላይ ሳሳያቸው ገልብጠው ያዙት። የሊድያን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል፣ በሩን እንጂ ልጅቱን እንደማያዩዋት የገባኝ ግን ትናንት ነው።
ብርነሽ

*

ቭላርዲንገን፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣ ለአስተማሪዬ ለጋሼ ፈቃደ፣

የቅዱስ ኡራኤል ረድኤት ዘንድሮም ሁልጊዜም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስደርስበት የዘገየሁበትን ነገር ከመጻፌ በፊት የመከሩኝን ሥራ ውጤት ልንገርዎት።

እንዳሉኝ አደረግሁ። እዚህ አገር ቆጣሪው ያለው ሜተርካስት በሚሉት ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ልክ በሩ እንደተከፈተ። ሰው ደግሞ ማንም የማያየው መስሎት ያለውን ሁሉ እዚያ ይከታል። ጋሼ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ሕይወት ያየሁት በሦስት ሳምንት ነው። የእሌኒ ሜተርካስት ውስጥ ሃያ ዓመት ያልተፈታ ሻንጣ አለ፤ ወደ አገሬ ስመለስ እያለች ያስቀመጠችው። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ሻንጣው ግን አዲስ ነው። አበባ በሩን ከፍታ ቁጥሩን ሳነብ የወንድ ካፖርት ከፊቴ ተንጠልጥሏል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በእጄ ገለል አድርጌ አነበብኩና መልሼ አስተካከልኩት። "እዚያ ስለሆነ ነው፣ ስወጣ ስገባ አየዋለሁ" አለችኝ። ወለተ ማርያም አንዷ እሷ ናት።

ዲመን ደግሞ እነ ማንደፍሮ ቤት ደረስን። ካፖርቱን ለብሶ ነው በር የከፈተልን፤ ሊወጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ሒሳቡ ከብዶት ማሞቂያውን ካጠፋው ሁለት ወር ሆኖታል፣ ለማንም አልተናገረም። ሻይ ስንጠጣ ነው የነገረን። እርስዎ እንዳሉት ሻዩን ባልጠጣ ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር። አሁን ማኅበሩ ያውቃል፣ ብቻውን አይደለም።

ሊድያ ትነዳለች፣ ትጽፋለች፣ ትስቃለች። በየቤቱ "የማማ አጎት ነው ይህን ያስተማራት" እያለች ታወራልኛለች። ጃንጥላውን ይዛልኝ ስትቆም ጎኗ ሲረጥብ አየሁ። ቁጡ እናት ሆኜ ተቆጣኋት።

ጥር 20 ላይ ሃምሳ አራት ደረስንና ቆምን። የቀሩት ወይ ቤታቸው አይገኙም ወይ የአከራያቸው ውል ነው። ያን ጊዜ ሊድያ ሄግ አብሯት የሚሠራውን ዮናታንን አማከረች። ጴንጤ ነው፤ በአንድ ትንሽ ጉባኤ ውስጥ ያገለግላል። እኔ ስንቴ እንደተከራከርኳቸው እያወቅሁ ልለምናቸው ሄድኩ። ዘጠኝ ቤት ሰጡኝ፣ በአንድ ምሽት፣ ከነቆጣሪ ቁጥሩ። እነሱ እያንዳንዳቸው አንድ ስም ብቻ ነው ያላቸው፣ አልተምታታብኝም። ሽማግሌያቸውን ሳመሰግን "ዝናብ ጣሪያ አይለይም፣ እናንተም እኛን አትለዩን" አለኝ። ጉልበት ስሜ ተመለስኩ።

ስልሳ ሦስት ጋሼ። ትናንት ተፈረመ። ሜቭራው ሃኔከ ማታውኑ ደውላ ሽያጩን ከየካቲቱ ስብሰባ እንዳወጡት ነገረችኝ። አንሰደድም።

የመጀመሪያውን ዝርዝር ግን መጣል አልሆነልኝም። ሰባ አንድ የክርስትና ስም የተጻፈበት ወረቀት እንዴት ቆሻሻ ውስጥ ይገባል? እሑድ፣ በዓሉን አስቀድመን ያከበርን ዕለት፣ ለቄሳችን ሰጠኋቸውና በጸሎት አነሷቸው፤ መጀመሪያውንም የተጻፈው ለዚያ ነበር። ከመስጠቴ በፊት ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ። "ተክለ ጊዮርጊስ፣ ስለ ዓይኑ ብርሃን" ብዬ። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ ሕዝቡም አሜን አለ። ማንነትዎን የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔ ግን አምድ ይዤ አለቀስኩ።

እትዬ ብርነሽን አይቆጧቸው። እሳቸው ባይነግሩኝም ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ምንድን ነው? አረጋውያን መጦር ነው። የዓይን ሞራ የጀመራቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት አምፖሉ ደከመ ነው። ለስንቱ የደች ሽማግሌ ነርሷን የጠራሁ ሴት፣ ያሳደገኝ አጎቴ ሦስቴ ሲነግረኝ ሱቅ ሄጄ አምፖል ገዛሁ። ይህ እንደ እሳት ያንገበግበኛል። ፊደልዎ ሲለቅ አየሁ፣ ሊድያን ትተው በሩን ሲያመሰግኑ አነበብኩ፣ አልፌው ሄድኩ። ወይም እርስዎ ምንም እንደማይሆኑ ማመን ፈልጌ ነው።

ሞራ ይነሳል ጋሼ። ቀላል ነው። ስለዚህ የጠየቁኝን የጠረጴዛ መብራት አልላክሁም። የካቲት 16 ከሊድያ ጋር እንመጣለን፤ አዲስ አበባ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ ዳዊቱን እትዬ ብርነሽ ይድገሙልዎ፣ ድምፃቸው የአስተማሪ ነው።

ለሁሌም ልጅዎ፣
ወለተ ሥላሴ

*

ደሴ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተ ሥላሴ፣

በስሜ የጸለየልኝን ሕዝብ እግዚአብሔር በያለበት ይጠብቅልኝ። የምትጽፈው ብርነሽ ናት፤ በዚህ ጊዜ ብዕሩ ቀለም ጨረሰ አልልም።

ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። ሁለተኛው ላይ አኩርፌያት ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ተውኩት። እውነቱን ልናገር። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት በዓይኔ ነው። በጉም፣ በዝናብ፣ ከዶሮ ቆጥ በላይ ተሰቅሎ ቁጥር ሳይሳሳተኝ ኖሬ፣ አላይም ብዬ መናገር ሞት ሆነብኝ። አምፖሉ ደከመ ማለት ቀለለኝ። አንቺን መዋሸቴ ግን ይቆጨኛል። ራስሽን አትውቀሺ፣ ሱቅ የላክሁሽ እኔው ነኝ።

ስለ ማንደፍሮ የጻፍሽውን ደጋግሜ አስነበብኩ። ካፖርቱን ለብሶ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እኔም ነኝ። ደግ አደረግሽ፣ ሻዩን ጠጣሽለት።

ሊድያ "አንተ" ትበለኝ፣ እርስዎታ አታስተምሪያት። ፎቶዋን ከግድግዳው አውርጄ ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ፊቷን ሐኪሙ ሲጨርስ አየዋለሁ፣ በሩ ግን በቃኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ሁለቱን አምፖሎች አጠፋኋቸው። ሳላይባቸው ቆጣሪውን ሲያዞሩ መክረማቸው አሳፍሮኛል፤ እኔ የማንም ቤት መብራት በከንቱ ሲቆጥር ዝም ብዬ አልፌ አላውቅም። አንዱን ብቻ ትቼዋለሁ። የበሩን። እሱም ለእኔ አይደለም። ስትመጪ ደጁ ጨለማ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።

ፈቃደ